ሠላሳ ሰባት ቀን

ኅዳር 18

ዛሬ ወረፋው ለጉድ ነበር። ሃያ ሦስት ሕፃን ከተብኩ። መብራት ሁለቴ ጠፋ፤ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዤ ስሯሯጥ ዋልኩ። ቢራራ መጥቶ "በለጠች፣ አንቺ ባትኖሪ ይሄን ጤና ጣቢያ ቆልፌ ቁልፉን ለወረዳ አስረክብ ነበር" አለኝ። ኃላፊ ሆኖ እንዲህ የሚያወራ እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ደስ አለኝ። ለራሴ ምን እደብቃለሁ... ሙገሳ እወዳለሁ።

ምሳ ልወጣ ስል አንድ ሰውዬ በር ላይ ጠበቀኝ። ገዱ ይባላል። ከቡይት ራስ በታች ነው ቤቱ፣ ለቱሪስት በቅሎ ያከራያል። ሚስቱ አራስ ናት። ሴት ልጅ፣ ዛሬ አርባ አምስት ቀኗ። "ዓይኗ ቢጫ ሆነብን ሲስተር። የምታስወጣውም ነጣ። ላምጣት ወይስ ክርስትናዋ ይድረስ? እናቴ ሰማንያዋ ሳይሞላ ከቤት አትወጣም ትላለች።" ችግር የለውም አልኩት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቋት፣ ጡት ይብዛላት፣ ክትባቱን ከክርስትናዋ በኋላ ታመጧታላችሁ። የሰው ባህል መጋፋት አልወድም። እግዜር ይስጥልኝ እያለ እጅ ነስቶ ሄደ። እዚያ ላይ "የኛ ሲስተር" ነው አሉ የሚሉኝ።

ቤት ስደርስ ሽሮው በርዶ ጠበቀኝ።

ታኅሣሥ 25

ያ የቡይት ራሱ ሰውዬ መጣ። ሚስቱን አንጓችን በበቅሎ አስቀምጦ። ልጅቷ ትናንት ወዲያ ክርስትና ተነስታለች፣ ዛሬ ለክትባት። "ቃልዎን ጠበቅን ሲስተር" አለኝ ገና ከበሩ ሳይገባ።

አንጓች ነጠላዋን ገለጥ አደረገችልኝ።

ቢጫ ብቻ አይደለም። ወደ አረንጓዴ ሄዷል። ሆዷ ተነፍቷል። አንገቷ ላይ አዲስ ማተብ። ጨርቋን ፈታሁት... ኖራ ነው የሚመስለው። ነጭ።

መሳቢያዬን ከፈትኩ። ካርዱ እዚያው ነው። በመስከረም ጎንደር ሥልጠና ላይ ዶክተር ፈይዛ የሰጠችን፣ የሕፃን ሰገራ ቀለም ከነጭ እስከ ቡናማ ተደርድሮ የታተመበት። "ከሁለት ሳምንት በላይ ቢጫ የሆነ ልጅ ካያችሁ ጨርቁን ፍቱ። ነጭ ከሆነ የሐሞት ቱቦው ተዘግቷል ማለት ነው። ሐሞቱ ጉበት ውስጥ ይቀርና ጉበቱን ያቆስለዋል። ስልሳ ቀን ሳይሞላው ለቀዶ ጥገና አድርሱልኝ" ብላን ነበር። ፊተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። ደብተሬ ላይ ስልሳን ሁለቴ አስምሬበታለሁ። ከዚያ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ገዱ በር ላይ ሲጠብቀኝ በእኔና በካርዱ መካከል ሦስት እርምጃ ነበር።

ደወልኩላት። ፈይዛ የኛው የደባርቅ ልጅ ናት፣ የጨርቅ ነጋዴው የአቶ ባሽር። ከታላቅ እህቷ ከሰሊማ ጋር አንድ ክፍል ተምረናል። አሁን ጎንደር የሕፃናት ጉበት ሐኪም፣ ተመራማሪም።

"ሰገራዋ ነጭ ነው" አልኳት።

"ስንት ቀኗ ነው?" አለች ወዲያው።

ሰማንያ ሁለት። አፌ ላይ ነበር እኮ...

"ሃምሳ ሁለት" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ! ጊዜ አለን። ዛሬውኑ ላኪያት!"

ቤት ነው የተወለደችው፣ እኛ ጋ መዝገብ የላትም። መላኪያ ወረቀቱ ላይ ጥቅምት 3 መሆን ያለበትን ኅዳር 3 ብዬ ጻፍኩት። አንድ ቃል። ከዚያ ለሁለቱ ነገርኳቸው፤ "ጎንደር ሲጠይቋችሁ ኅዳር ሦስት ነው የተወለደችው በሉ። አለዚያ አይቀበሏችሁም።"

አንጓች ቀና ብላ አየችኝ። "ትናንት ወዲያ እኮ ነው የተጠመቀችው ሲስተር። በእሷ ይዋሻል?"

"ለእሷው ብዬ ነው" አልኳት።

ታኅሣሥ 26

ለእሷ ብዬ አይደለም። ፈይዛ ሰማንያ ሁለት ብላትም ትቀበላት ነበር። ግን "በአርባ አምስቱ ክትባት የት ነበረች?" ትለኝ ነበር።

ጥር 2

ትናንት ቀዶ ጥገናው ተሠራ። ፈይዛ ደወለች፣ ድምጿ ይስቃል። "በሃምሳ ስምንተኛ ቀኗ! ስልሳ ሳይሞላት ደረስንላት። አንቺ ነሽ ያዳንሻት በለጡ።" ምን ልበላት? እግዚአብሔር ነው አልኳት። እሱንም ውሸቴ ውስጥ አስገባሁት።

ከጉበቷ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ወስደዋል። ለጥናቱ። ወዲያው ፈሳሽ ውስጥ ነክረው፣ በበረዶ አድርገው አዲስ አበባ ላኩት። ጂን ይነበብበታል። "ጂኑማ የሁላችንም ያው አይደል እንዴ?" ብላት ሳቀችብኝ። "መንደሩ ውስጥ ስንት ሰው አለ ብዬ አልቆጥርም። ዛሬ ደቦ የወጣው ማነው፣ ቤቱ የተኛው ማነው... እሱን ነው የማየው። ጠባሳ የሚሠሩት ጂኖች በብዛት ወጥተው እየሠሩ ከሆነ ጉበቱ እየደረቀ ነው። ካልወጡ ተስፋ አለ። የሠላሳ አንድ ሕፃናት ጉበት እንዲህ ስናነብ፣ የትኛውን ልጅ በምን እንደምንረዳው ቀድመን እናውቃለን።"

ከዚያ ምን አለች... "ዋናው ዕድሜው ነው። ንባቡን ከዕድሜያቸው ጋር ነው የምናስተያየው። ዕድሜው ከተሳሳተ ንባቡ ከንቱ ነው።"

"ሰው ይጠብቀኛል" ብዬ ዘጋሁት። ማንም አልነበረም።

ጥር 11

ጥምቀት። ነጭ ለብሼ ወጣሁ። መምሬ ሀብተ ሚካኤልን ከታቦቱ ጋር ሲመጡ ሳያቸው ከሴቶቹ ኋላ ተሸጎጥኩ። የንስሐ አባቴ ናቸው። ያቺን ልጅ ያጠመቋትም እሳቸው ናቸው። ቀኗን ያውቃሉ። ሌላ የንስሐ አባት ልያዝ? አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ እደበቃለሁ።

የካቲት 9

ገዱ ማር ይዞልኝ መጣ። ነጭ ማር፣ በቅል። ክፍሉ ሙሉ እናቶች ተቀምጠዋል። "እህቶቼ፣ ይቺን ሴት ተመልከቱልኝ፣ ልጄን ከሞት የነጠቀችልኝ እሷ ናት" አላቸው። እልል ያለችም ነበረች።

"ትተወው ነበር" አልኩት።

"ኧረ ምን ይተዋል! እርስዎ ባይኖሩ ልጄን በኅዳር አፈር አልብሻት ነበር።"

በኅዳር... በኅዳር ነበር እኮ የመጣኸው ወንድሜ። በእግርህ ወርደህ።

ልጅቷ እንዴት ናት አልኩት። ሰገራዋ ትንሽ ቢጫ ብሎ ነበር፣ አሁን መለስ ብሎ ነጣ አለ። ሐኪሞቹ ታገሱ ብለዋል። ማሩን ቢራራ ቀምሶ አደነቀው። እኔ አልቀመስኩትም፣ ጾም ነው ብዬ። ጾሙ ገና ሳምንት ይቀረዋል። ቢራራም አላስተዋለም፣ ወይም አስተውሎ ተወኝ።

መጋቢት 14

ፈይዛ ደወለች። እንዲህ ተደስታ ሰምቻት አላውቅም።

"ንባቡ መጣ! ያንቺዋ ልጅ በለጡ፣ ያንቺዋ ልጅ... ከሠላሳ አንዱ ውስጥ እሷን የሚመስል የለም። በሃምሳ ስምንት ቀኗ ጠባሳ የሚሠሩት ጂኖች እንደ ሦስት ወር ልጅ እየሠሩ ነበር። ሁለቴ አስነበብኩት። ያው ነው። አዲስ ዓይነት ይመስለኛል፣ በጣም የሚፈጥን። ጽፌ ለጉባኤ ልኬዋለሁ።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

"አሁን ምን ታደርጊያለሽ?" አልኳት።

"መድኃኒት ጀመርንላት እኮ፣ ከትናንት ወዲያ። ስቴሮይድ፣ ጠንከር ባለ መጠን። ይሄን የሚፈጥነውን ነገር ካልገታነው ይበላታል። የሰውነት መከላከያዋን ያደክመዋል፣ አውቃለሁ። ቤተሰቡ ከበሽተኛ ሰው ያርቃት። እንዲህ ያለ ጉበት ባይሆን ኖሮ አልሰጣትም ነበር።"

እሺ አልኳት። እሺ!

መጋቢት 15

አዲስ ዓይነት የለም። ሰማንያ ስምንት ቀኗ ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም። ጉበቷ እንደ ሦስት ወር ልጅ ጉበት የሠራው ሦስት ወር ሊሞላት ሁለት ቀን ቀርቷት ስለነበር ነው። ያን ሁሉ ማሽን አልፎ፣ በበረዶ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ልክ ዕድሜዋን ተናገረ። እኔ ወረቀት ላይ የጻፍኩትን ግን ሁሉም አመነ።

አሁን ደግሞ በእኔ ውሸት ላይ መድኃኒት ትውጣለች። በየዳ ወረዳ ኩፍኝ ገብቷል እየተባለ ነው። መከላከያዋን በእጄ እያወረድኩባት ነው።

ነገ እነግራታለሁ።

መጋቢት 16

አልነገርኳትም። ስልኩን አነሳሁ፣ ካርድ የለኝም አልኩ ለራሴ። ነበረኝ።

መጋቢት 17

ፈይዛ ለዒድ ቀደም ብላ ወደ ቤተሰቦቿ መጣች። "ልጅቷን ቤቷ ድረስ ሄጄ ልያት፣ ከዘመዶቿ እንዲህ ያለ ልጅ ነበረ ወይ ብዬ ልጠይቅ፣ አብረሽኝ ውጪ" አለችኝ። ምን ብዬ እቀራለሁ? ቢራራ በሞተር ብስክሌቱ አንድ በአንድ አደረሰን፣ የቀረውን በእግር።

እሷ ረመዳን፣ እኛ ዐቢይ ጾም። አንጓች ምን ላቅርብ ብላ ተጨነቀች። ፈይዛ "ወንበር ይበቃናል እህቴ" አለቻት። ልጅቷን ተቀብላ ሆዷን ዳሰሰች፣ ዓይኗን ገልጣ አየች። ፊቷ ጉንጩ አብጧል፣ መድኃኒቱ ነው። ጣቷ ማተቡ ላይ ቆመ።

"መቼ ነው ክርስትና የተነሳችው?"

አንጓች ወደ እኔ ዞረች። ገዱ መሬት መሬት አየ። ሁለቱም እኔን ይጠብቃሉ። ያስተማርኳቸው እኔ ነኛ!

"ታማ ስለነበር ቀደም ብለው አስነሷት" አልኩ። ወዲያው። ሳላስብ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይቀላል፣ ማን አስቦ።

ፈይዛ አየችኝ፣ ከዚያ ልጅቷን አየች። "እሺ" አለች ብቻ።

ስንወጣ አንጓች በር ድረስ ሸኘችን። ፈይዛ ቀድማ ስትወርድ አንጓች ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። "ሲስተር፣ ልጄ ሁለት ልደት ኖራት። ማርያምን፣ አንደኛውን ይውሰዱልኝ። ስጸልይላት እንኳ በየትኛው እንደምቆጥር ግራ ገባኝ።"

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

መጋቢት 18

መምሬ ሀብተ ሚካኤል ዘንድ ሄድኩ። ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። አርባ አምስተኛውን ቀንም። "ክርስትናዋ ይድረስ ብዬ... ሥርዓቱን አክብሬ ነበር አባቴ" አልኩ። እዚያ ላይ እንኳ ትንሽ ልታቀፍ ፈልጌ ነበር።

እሳቸው ግን እንዲህ አሉኝ፤ "ልጄ፣ የታመመ ሕፃን ቀን ይጠብቃል ያለሽ ማነው? በሰባት ቀናቸው ያጠመቅኋቸው አሉ። ሰው ልከሽብኝ ቢሆን በቅሎዬን ጭኜ፣ መጽሐፌን ይዤ ቤታቸው ድረስ እወጣ ነበር። ሥርዓቱ በር አለው። አንቺ አላንኳኳሽም።"

አለቀስኩ።

"ለእኔ የነገርሽኝን ለሐኪሟና ለወላጆቿ ካልነገርሽ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም። ሂጂ።"

መጋቢት 20

ነገ ዒድ ነው። በዓሏን ላበላሽባት? ከዒድ በኋላ ይሻላል... አይ በለጠች። ልጅቷ ዛሬም ጠዋት ውጣለች፣ ነገም ጠዋት ትውጣለች። አሁንም እየጠበቅሽ ነው? ዛሬ ለኩፍኝ የተጠረጠረ አንድ ልጅ ከላይ መጥቷል።

መጋቢት 21

ነገርኳት።

ዒድ ሙባረክ ልል ሄድኩ። የአቶ ባሽር ግቢ በእንግዳ ሞልቷል። ሰሊማ አቅፋ ሳመችኝ። ፈይዛን "አንዴ" አልኳት። ከጓሮ፣ የጨርቅ ጣቃ የሚከመርበት መጋዘን በር ላይ ቆምን። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፣ እጇ ላይ ሂና።

"ጥቅምት ሦስት ነው የተወለደችው" አልኩ።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ሂና ባለው ጣቷ መቁጠር ጀመረች። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ... "ሰማንያ ስምንት" አለች ቀስ ብላ። "በቀዶው ቀን ሰማንያ ስምንት ነበረች። ንባቡ ልክ ነበር።"

"ልክ ነበር።"

"በክርስትና ድግስ ነው እኮ ያደግሁት። ጎረቤቶቻችን ለእኛ ለብቻ እያረዱልን። የሴት ልጅ ሰማንያ መሆኑን ላላውቅ? ማተቡን ሳይ ጠርጥሬ ነበር። ግን አንቺ ተናገርሽ፣ አንቺን አመንኩ።" ከዚያ፣ "ወደ ጤና ጣቢያ መጀመሪያ የመጡት መቼ ነው?"

"አባትየው በአርባ አምስት ቀኗ መጥቶ ነበር። ነጭ ነው ብሎኛል። ፀሐይ አሙቋት አልኩት።"

"ካርዱ?"

"መሳቢያ ውስጥ ነበር።"

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸችም። ራቅ ብላ ጎንደር ደወለች። መድኃኒቱ ባንዴ አይቋረጥም፣ ቀስ እያላችሁ አውርዱት ስትል ሰማኋት። ከዚያ ሌላ ቦታ ደወለች፤ የላክሁትን ጽሑፍ ከጉባኤው አውጡልኝ፣ ስህተት አለበት። የማን ስህተት ብለዋት መሰለኝ። "የእኔ ጥናት ነው፣ የእኔ ስህተት ነው" አለች።

ተመልሳ መጣች። "ከአርባ አምስት እስከ ሰማንያ ሁለት ስንት ነው?" አለችኝ።

አውቃለሁ። ስንት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።

"ሠላሳ ሰባት።"

"በአርባ አምስቷ ብትደርሺልኝ ኖሮ..." አለች፣ አልጨረሰችውም። እናቷ ጠሯት፣ ገባች። ልወጣ ስል ጾመኛ መሆኔን አስበው አቶ ባሽር ተምር በሳህን ይዘው በር ላይ ደረሱብኝ። እንቢ ማለት አልቻልኩም። ያልተገባኝን ሁሉ የምቀበል ሰው ሆኛለሁ።

መጋቢት 26

ለአንጓችና ለገዱም ነገርኳቸው። ከሁሉ ይሄ ነው የከበደኝ።

ገዱ መጀመሪያ ሊከላከልልኝ ሞከረ። "እርስዎ ምን ያድርጉ፣ እናቴ ናት እንቢ ያለችው..." አላስጨረስኩትም። አንተ ላምጣት ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል፣ አይ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ያን ቀን ብትመጣ ኖሮ ቀዶው ሳይረፍድ ይደርስ ነበር አልኩት። ተነስቶ ወጣ። ውጭ በቅሎውን ሲያበጥር ይሰማኛል። ያው አንድ ጎኗን ሲያበጥር ቆየ።

አንጓች እስከዛሬ "እርስዎ" ነበር የምትለኝ።

"እኔ እኮ እወጣ ነበር" አለችኝ። "ልጄ ቢጫ እየሆነች ሳያት ስንት ቀን በሩን አየሁት። አማቴ ትቆጣ፣ ጎረቤት ያውራ፣ ምን ገዶኝ! ገዱን የላክሁት እኔ ነኝ። ሲስተር ውጪ ካለችኝ ማንም አያስቀረኝም ብዬ። የጠበቅኩት ክርስትናውን አይደለም። ያንቺን ቃል ነው።"

ወለሉን አየሁ። ባህል መጋፋት አልወድም ብዬ ጽፌያለሁ፣ እዚሁ ደብተር ላይ። ማንን ጠየቅኩ? እሷን ጠየቅኋት? የኛ ሲስተር መባሌን ነው ያከበርኩት።

ልጅቷ አለቀሰች። ልያዛት ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አንጓች ወደ ደረቷ ሰበሰበቻት። አልሰጠችኝም።

ሚያዝያ 7

ያደረግሁትን ሁሉ ለቢራራ ራሴ ጽፌ አስገባሁ። ሲያነበው የሚቀልድበት ነገር ፈልጎ አጣ። ከክትባት ክፍል ወደ ካርድ ክፍል ተዛወርኩ። ቁልፉን ሳስረክብ መሳቢያዬን አራገፍኩ። ካርዱን በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ።

ግንቦት 19

ካርድ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው ልደት እጽፋለሁ። እያንዳንዱን ሁለቴ እጠይቃለሁ። ሰዎቹ ይሰለቹብኛል። አንዲት ሴትዮ "ፍርድ ቤት ነው እንዴ?" አለችኝ።

ኩፍኙ እስካሁን እነ አንጓች መንደር አልደረሰም። ስለ እሷ የምሰማው ከሰው ነው።

ሰኔ 12

ከጎንደር በአውቶቡስ አንድ ፖስታ መጣልኝ። አሥር የቀለም ካርድ። ሌላ ምንም ጽሑፍ የለበትም። ፖስታውን ገልብጬ አራገፍኩት፣ አንድ መስመር እንኳ የለም።

ቢራራን ጠየቅኩት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አራስ ቤት እየዞርኩ ላሳይ? እነሱ አይውጡ፣ እኔ ልግባ። "በማን በቅሎ?" አለኝ። በእግሬ አልኩት።

ነሐሴ 3

ዝናብ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። መንገድ ላይ ገዱን አገኘሁት፣ ሁለት በቅሎ ይዞ ይወርዳል። ከመጋቢት ወዲህ አልተናገርንም። አለፈኝ። ከዚያ ቆመ። ተመልሶ አንዷን በቅሎ አቀረበልኝ፣ ርካቡን ያዘልኝ። ወዴት ነው አላለኝም። ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ያውቃል መሰለኝ።

ልጅቷስ አልኩት። "አለች" አለኝ።

መስከረም 16

አገኘሁ። ከደባርቅ በላይ ካለች መንደር። ሴት፣ ሃያ ሦስት ቀኗ። አራሷ ጥጉ ላይ እንደተቀመጠች ጨርቁን ፈታችልኝ፣ ካርዱን አጠገቡ አስቀመጥኩት። ነጭ። ሴትየዋን ራሷን ጠየቅኳት፤ "ዛሬ መውጣት አለብሽ። ትወጫለሽ?" "ምን ልጠብቅ?" አለችኝ። አማቲቱ ሳትጠመቅማ አሉ። መምሬ ሀብተ ሚካኤል ጋ ሰው ላክሁ፣ ከሰዓት ደረሱ። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። አጠመቋት። ወዲያው መኪና ላይ ወጣች።

ፈይዛ ጋ ደወልኩ። "ስንት ቀኗ ነው?" አለች።

"ሃያ ሦስት።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

ይገባኛል። ሌላውን ሰው ይሄን አትጠይቀውም። "እርግጠኛ ነኝ። ከፈለግሽ እናቲቱን ላገናኝሽ" አልኳት። "አገናኚኝ" አለችኝ። ስልኩን ለእናቲቱ ሰጠሁ።

ጥቅምት 3

አንጓች ሰው ልካብኝ ነበር፤ "ጥቅምት ሦስት ትምጣ።"

ዓመቷ ነው። ድግስ የለም። ገዱ ከቱሪስት ጋር ወጥቷል። ልጅቷ ቁርበቱ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። አትቆምም ገና። ዓይኗ ቢጫ ነው፣ ሆዷ ጠንክሯል። ፈይዛ ለወላጆቿ እውነቱን ነግራቸዋለች፤ ቀዶው ጥቂት ነው የረዳት፣ ከእንግዲህ የሚያድናት አዲስ ጉበት ነው፣ እሱ ደግሞ ለሕፃን እዚህ አይሠራም፣ ውጭ አገር እየጻፍን ነው። እስከ መቼ ትቆያለች? ማንም አያውቅም። የጉበቷን ንባብ ግን ጥናቱ ውስጥ መልሳ አስገብታዋለች፣ በትክክለኛው ዕድሜ። ሠላሳ አንዱም ተሟልተዋል።

አንጓች የጎንደሩን የቀጠሮ ካርድ ከሙዳይ አወጣች። ኅዳር 3 ይላል፣ አሁንም። "ዶክተሯ ላስተካክለው ብላ ነበር፣ እንቢ አልኳት" አለችኝ። "አንቺ የጻፍሽውን አንቺ አጥፊው።"

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ኅዳርን ሰረዝኩ። ጥቅምት ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ ፈረምኩ። አንጓች ማንበብ ባትችልም አጎንብሳ እያንዳንዱን ፊደል ተከታተለችው።

"አሁን ስንት ቀኗ ነው?"

"ሦስት መቶ ስድሳ አምስት" አልኳት። ከዚያ፣ ሳልጠየቅ፣ "ሠላሳ ሰባቱን የወሰድኩባት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለች።

ይቅር አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። ካርዱን ሙዳዩ ውስጥ መልሳ ከደነች። ልጅቷን ከቁርበቱ አነሳቻት፣ ትንሽ አቅፋ ቆየች፣ ከዚያ መጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ዓመት ለሞላት ልጅ በጣም ቀላል ናት።